ብርድ ልብስ ከማደል በፊት

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ቅዝቃዜ በጠና ቁጥር፣ በዓልም በቀረበ ቁጥር ገጾቻችሁ ላይ አንድ ዓይነት ዜና እናነባለን። አንድ ማኅበር መሀል ከተማ ወጥቶ ጎዳና ላይ ለሚያድሩ ሰዎች ምሳ አብልቷል፣ ብርድ ልብስ አድሏል፣ ይህን ያህል ሰው ተጠቃሚ ሆኗል ይላል። የሰዎቹን ደግነት አንነቅፍም። ነገር ግን በማግስቱ ማን ተመልሶ እንደሄደ ዜናው አይነግረንም፤ ብዙ ጊዜ የሚመለስ ስለሌለ ነው። እኛ ይህን የምንጽፈው በረንዳ አዳሪዎችን እየዞርን በመጎብኘት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ነን፤ የምንጽፈውም ተመሳሳይ ሥራ ለመጀመር ለሚያስቡ አንባቢዎቻችሁ ነው። ሥራው የሚቆመው በመመለስ ላይ ነው፦ ያው ሁለት ሰው፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ ወደዚያው ሰው። ካልሲውም፣ ፋሻውም፣ መታወቂያ ማውጣቱም ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ባዶ እጅ ይወጣል። ማን የት እንደሚያድር ሳይታወቅ ዕቃ ይዞ መውጣት ጉልበተኛውን መጥቀም ነው፤ ፈጥኖ የሚመጣው እሱ ነውና። አንድ ሰፈር በሦስት የተለያየ ሰዓት ካልታየ አልታየም። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ሰው ማንጠፍ ሲጀምር፣ ከሌሊቱ 10 እስከ 12 ሰዓት ሱቆች ሳይከፈቱ፣ ከዚያም እኩለ ቀን ላይ። ማታ ብቻ የሚወጣ ቡድን ሴቶቹን አያገኛቸውም። ብዙዎቹ ሌሊቱን ሲንቀሳቀሱ ወይም መብራት ሥር ቁጭ ብለው አንግተው፣ እንቅልፋቸውን ቀን በመናኸሪያ ወንበር፣ በሆስፒታል መጠበቂያ፣ በአምልኮ ቦታ ቅጥር ጥግ ይተኛሉ። በአንድ ሌሊት ቆጠራ የሴቶች ቁጥር አንሶ ሲወጣ ምክንያቱ በከፊል ይኸው ነው።

ሌላው የሚታለፈው ገና ጎዳና የወጣው ነው። ልብሱ ንጹሕ ነው፣ ቦርሳውን ታቅፏል፣ መንገደኛ ይመስላል። እሱ ዘንድ ግን ከማንም ቀድሞ መድረስ ያስፈልጋል። መታወቂያው ገና አልጠፋም፣ የዘመድ ስልክ ቁጥር ገና አልረሳም፣ እግሩ ገና አልቆሰለም። ሁለት ሌሊት በተከታታይ አንድ ቦታ የታየ አዲስ ፊት በዚያው ሳምንት ካልተጠየቀ፣ በወሩ ጓደኛ አበጅቶ፣ ሰነዱን ተሰርቆ፣ መጠጥ ወይም ማስቲሽ ለምዶ ይገኛል። የት እንዳለ ቀድመው የሚያውቁት የሕንፃ ጥበቃዎች፣ መንገድ ጠራጊዎችና ጋዜጣ አዟሪዎች ናቸው። ከእነሱ ይጠየቃል፤ ስለ አንድም ሰው ግን ለእነሱ አይነገርም።

ቡድኑ ሁለት ሰው ነው። ብቻ መውጣት የለም፤ ከሦስት ሲበልጥ ደግሞ ለተኛው ሰው ወረራ ይሆንበታል። ቢቻል አንዷ ሴት ትሁን። አንዱ ያናግራል፣ ሌላው ዙሪያውን ያያል፤ የሚያናግረው ልቡ ከፊቱ ያለው ሰው ላይ ስለሆነ ከኋላው የሚመጣውን አያይም። «እንነሳ» የሚል መልእክት ያላት አንዲት ተራ ዓረፍተ ነገር አስቀድመው ይስማሙ፤ ከተነገረች ክርክር የለም፣ ተሰናብቶ መሄድ ነው። ቢሮ ወይም ቤት የቀረ ሦስተኛ ሰው መንገዳቸውን በጽሑፍ ይዞ በየሰዓቱ ይደወልለታል። ከተባለው ሰዓት 15 ደቂቃ ካለፈ እሱ ይደውላል፤ ካልተነሳ ወዴት እንደሚደውል ቀድሞ ያውቃል። ጫማ ዝግና ዝቅ ያለ፣ ስም ያለበት ባጅ ደረት ላይ ይሁን፤ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ከሆነ ሲጎተት የሚበጠስ ዓይነት። ባትሪው ወደ መሬት እንጂ ወደ ፊት አይበራም።

ካርቶንና ላስቲክ የተነጠፈበት ቦታ የሰው ቤት ነው። አይረገጥም፣ አይሻገሩበትም፣ ላስቲኩ ተገልጦ ወደ ውስጥ አይታይም። ሁለት ሜትር ያህል ራቅ ብሎ፣ ሰውየው ሊወጣ የሚችልበትን በኩል ሳይዘጉ በጎን መቆም። ከላይ ሆኖ ቁልቁል ማናገር ያስፈራል፤ ቁጢጥ ማለት ይሻላል። መንበርከክ ግን ለመነሳት ጊዜ ይወስዳል፣ መሬቱም ላይ መርፌ ወይም ስባሪ ጠርሙስ ሊኖር ይችላል። የተኛ ሰው በእጅ አይቀሰቀስም፤ በሌሊት ጎዳና ላይ የሚነካ እጅ ብዙውን ጊዜ ሊሰርቅ፣ ሊመታ ወይም ሊደፍር የመጣ ነውና። በእግሩ በኩል ቆሞ በድምፅ መጥራት ነው። ደህና የሚተነፍስ ከሆነ ይተኛ፤ እንቅልፍ ጎዳና ላይ ከምግብ ይልቅ ያጥራል። ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ትንፋሹ እንደ ማንኮራፋት እየተንኮረኮረ ከሆነ፣ ወይም ልብሱ ረጥቦ በብርድ ከተኛ ግን ይቀሰቀሳል። ጠርተውት ካልመለሰ ትከሻው ይነካል፤ ካልነቃ ደረቱ መንቀሳቀሱ እስከ 10 ሰከንድ ይታያል። የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ ተደርጎ አምቡላንስ ይጠራል፤ የማይተነፍስ ከሆነ አምቡላንስ እየተጠራ ደረቱን በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መጫን ይጀመራል። ይህን ያልሠለጠነ ሰው ወደ ሌሊት ስምሪት መውጣት የለበትም።

ንግግሩ በአንቱታ ይጀመራል። «አባቴ፣ እንደምን አመሹ?»፣ «እናቴ፣ ደህና ነዎት?»፤ ወጣት ከሆነ ወንድሜ፣ እህቴ። እሱ ራሱ «አንተ በለኝ» እስኪል በእርስዎ መቆየት ምንም አይጎዳም። ስም፣ ሥራ፣ ተመልሶ የሚመጣበት ቀን፤ የመጀመሪያው ንግግር ከዚህ ባይዘልቅም በቂ ነው። «ለምን ጎዳና ወጣህ?» የሚለው ጥያቄ መቼም ከአፍ አይውጣ። መልሱ ወይ ውርደት ነው ወይ ውሸት፤ አንዴ የዋሸ ሰው ደግሞ ውሸቱን ሲጠብቅ ይኖራል እንጂ ወደ እውነቱ ለመመለስ ይቸገራል። በምትኩ መልስ ተገኝቶ አንድ ነገር ሊደረግበት የሚችል ጥያቄ ይጠየቅ። እኛ የምንመርጠው «እግርዎ እንዴት ነው?» የሚለውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 በቦስተን ቤት ለሌላቸው ሰዎች የሕክምና ፕሮግራም ሲጀመር፣ ዶክተር ጂም ኦኮነልን ነርሶቹ መጀመሪያ ያሠሩት መመርመር ሳይሆን እግር ማጠብ ነበር። እግር ሲታጠብ ባለሙያው ከታች፣ ታካሚው ከላይ ይሆናል፤ ነክሶ የያዘውን ነገር ሰው የሚያወጣው እንዲህ ሲቀመጥ ነው። በዚያውም ቁስሉ ይታያል።

«አልፈልግም፣ ሂዱልኝ» ከተባለ፦ «እሺ፣ ሐሙስ በዚህ ሰዓት አልፋለሁ፣ ደህና ያምሹ» ብሎ መሄድ። ሐሙስም ማለፍ። ለወራት ከዚህ ያለፈ ንግግር የማይኖርባቸው ሰዎች አሉ፤ እነሱን ከመዝገብ መሰረዝ ትልቅ ጥፋት ነው። ቃል የሚገባው ትንሽ ነገር ይሁን፣ የሚገባውም መፈጸሙ የታወቀ ከሆነ ብቻ ነው። «ቤት እናገኝልሃለን» የሚል አፍ መሀል ከተማን በሙሉ ያበላሻል፤ የቀረ ቃል በረንዳ ለበረንዳ በአንድ ሌሊት ይዳረሳል፣ በኋላ የሚመጣውም ቡድን የዚያን ዕዳ ይከፍላል። ካልሲ ተብሎ ካልሲ ካልተገኘ እንኳ ሄዶ «አልተገኘም» ማለት ያስፈልጋል።

ወደ ቦርሳው እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚጠይቀን ይህን ነው። በአንድ ዙር 15 ሰው ለሚያገኝ ቡድን 20 ጥንድ ካልሲ ይያዝ፤ ከሱፍ ወይም ከወፍራም ሰው ሠራሽ ክር የተሠራ፣ ምክንያቱም ጥጥ ከረጠበ አይሞቅም፣ ቶሎም አይደርቅም። ግማሽ ሊትር የሚይዝ የታሸገ ውኃ፣ ጥቂት ስኳር ወይም ግሉኮስ፣ ጓንት፣ ጎዝ፣ ፋሻ፣ የቁስል ማጠቢያ ጨዋማ ውኃ፣ ቫዝሊን፣ ሳሙና። የወር አበባ ንጽሕና መጠበቂያ ውጪው በማያሳይ ቦርሳ ተደርጎ ለሴት ሁሉ ሳትጠይቅ ይሰጣል። ውኃ የማያስገባ ሰነድ መያዣ ላስቲክ ርካሽና ቀላል ነው፤ ዋጋው የሚታወቀው የሆስፒታል ካርድና መታወቂያ በአንድ ዝናብ ሲበላሽ ነው። አልኮል ያለበት የእጅ ማጽጃ አይታደልም፣ የሚጠጣው አለ። ምላጭ አይሰጥም፤ ከማሸጊያው የወጣ ክኒንም እንዲሁ። ጥሬ ገንዘብ ከቡድኑ እጅ አይወጣም። ጎዳና ያለ ሰው በገንዘብ ምን እንደሚያደርግ ለመቆጣጠር ብለን አይደለም፤ ገንዘብ የያዘ ቡድን ሲዘረፍ፣ ገንዘብ የተቀበለ ሰው ደግሞ ከኋላው ሲደበደብ ስለሚያድር ነው።

ምግብ ከተያዘ ለስላሳ ይሁን፤ ጥርስ የሌለው ወይም ድዱ ያበጠ ብዙ ነው። ከ5 ቀን በላይ ምንም ያህል ሳይበላ የቆየ ሰው በአንዴ ከጠገበ በደሙ ያለው ፎስፌትና ፖታሲየም ወርዶ ልቡ ሊታወክ ይችላል፤ ትንሽ ትንሽ እየበላ ወደ ሐኪም መወሰድ አለበት። በዘመቻ ቀን «ጨምሩለት፣ ይብላ» ሲባል ይህን የሚያስታውስ አይኖርም።

ብርድ ልብስ። ርዕሳችን ስለሆነ ጥቂት እንቆይበት። ሰው ሲተኛ ሙቀቱን የሚወስድበት ከላይ ያለው አየር ብቻ አይደለም፣ ከሥር ያለው ሲሚንቶ ይብሳል። ስለዚህ ከሥሩ ምንም ለሌለው ሰው ከላይ ሁለተኛ ብርድ ልብስ መደረብ እምብዛም አይጠቅመውም። መጀመሪያ እርጥበት የሚከለክል ላስቲክ መሬት ላይ፣ በላዩ ካርቶን ተነባብሮ ሲጫኑት 5 ሴንቲሜትር ያህል ውፍረት እስኪኖረው፣ ከዚያ ብርድ ልብሱ ግማሹ ከሥር ግማሹ ከላይ። ላስቲክ ገላ ላይ ከተጠቀለለ ላቡን ይይዛል፣ ንጋት ላይ ሰውየው ከውስጥ ረጥቦ ይነሳል። ወፍራም ብርድ ልብስ ደግሞ ዝናብ ከመታው ለመሸከም የማይቻል ይሆናል፤ ቀን ማስቀመጫ ስለሌለው ጥግ ተሸጉጦ ይተዋል፣ ጠዋት የጽዳት መኪና ይጭነዋል። በሳምንቱ «ሰጠናቸው፣ ሸጡት» የሚባለው አንዳንዱ እውነት ነው፤ ቀን መሸከም የማይችለውን ነገር ሰው ቢሸጠው አይገርምም። በብዛት ከመኪና ላይ ሲታደልም ጉልበት ያለው ሦስት ይወስዳል፣ አካል ጉዳተኛው ባዶውን ይቀራል፣ ሌሊቱን ለአንድ ብርድ ልብስ ጩቤ ይመዘዛል። ለሚታወቅ ሰው፣ አንድ በአንድ፣ ሌላው ሳያይ መስጠት ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ብርድን ካነሳን ዘንድ፦ የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ ሰው መንቀጥቀጥ፣ መደናበር፣ ምላሱ መተሳሰር ይጀምራል። አላፊው «ሰክሯል» ይላል። መንቀጥቀጡ ሳይሞቀው ካቆመ ተሻለው ማለት አይደለም፣ ብሶበታል። እርጥብ ልብሱን አውልቆ በደረቅ መጠቅለል፣ ከመሬት መለየት፣ ደረቱንና ብብቱን ማሞቅ፣ አምቡላንስ መጥራት። እጅና እግሩ አይታሽም፣ ተጎትቶም አይነሳም፤ በዚያ ቅዝቃዜ ልብ በትንሽ መንገላታት ምቷን ልትስት ትችላለች። መጠጥ አይሰጥም፤ አልኮል በቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ከፍቶ ሙቀት የተሰማ ያስመስላል እንጂ ሙቀቱን ወደ ውጭ ያፈሰዋል።

እግር በረዶ ሳይነካው ይበሰብሳል። እስከ 16 ዲግሪ ባለ አየር እንኳ በእርጥብ ካልሲና ጫማ ግማሽ ቀን ከታሰረ ነጥቶ፣ ተሸብሽቦ፣ ደንዝዞ ይገኛል። ማውለቅ፣ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ከፍ አድርጎ አየር ማስመታት። ማሸት የለም፤ እሳት ዳር ማስጠጋትም የለም፤ የደነዘዘ እግር ሲቃጠል አይሰማውም። ጫማ ተሰርቆ እንዳይነጋ ሰው ጫማውን አስሮ ስለሚተኛ ነው ይህ የሚበዛው። «አውልቀህ ተኛ» ብሎ ብቻ መምከር ጎዳናን አለማወቅ ነው፤ አውልቆ በላስቲክ ከቶ ትራስ ማድረግ ግን ይቻላል።

ስካር የሚመስሉ ብዙ ነገሮች አሉ። የስኳር ሕመምተኛ ስኳሩ ሲወርድ ይንገዳገዳል፣ ይቆጣል፣ ያልበዋል፤ መዋጥ ከቻለ ስኳር ያለው ነገር ይሰጠዋል፣ ካልቻለ አፉ ውስጥ ምንም አይደረግም። የሚጥል በሽታ ያለበት ሲወድቅ ሰዓት ይያዛል፣ ጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር ይደረጋል፣ አይጨበጥም፣ አፉ አይፈለቀቅም፣ አፍንጫው ሥር የሚጨስ ነገር አይያዝም፤ ሲያቆም በጎኑ ይተኛል፣ 5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው አምቡላንስ። በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም ደግሞ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ውስጥ መንቀጥቀጥ፣ በሁለት ቀን ውስጥ መንፈራገጥ፣ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን መቃዠት ሊመጣበት ይችላል፣ ሊሞትም ይችላል። ስለዚህ «ዛሬውኑ ተው» የሚል ምክር፣ ጠጪን በር ላይ የሚመልስ መጠለያም፣ ሁለቱም አደገኛ ናቸው። መተው ያለበት በሐኪም እጅ ሆኖ ነው። ኦፒዮይድ (እንደ ሞርፊንና ሄሮይን ያለ ትንፋሽ የሚያዳክም ዕፅ) በሚወሰድበት ከተማ የእሱን ጉዳት የሚመልሰው መድኃኒት፣ ናሎክሶን፣ ከቦርሳ አይለይ፤ ሰውየው ከነቃ በኋላም አብሮት ሰው ይቆይ፤ መድኃኒቱ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ብቻ ስለሚሠራ እንደገና ትንፋሹ ሊቆም ይችላል።

ማስቲሽ ወይም ቤንዚን የሳበ ልጅ አይባረርም፣ ጠርሙሱ አይነጠቅም፣ አይጮኽበትም። የተሳበው ጋዝ ልብን ስለሚያስደነብር በድንጋጤና በሩጫ ጊዜ ልጁ እዚያው ሊወድቅና ሊሞት ይችላል። ደንብ አስከባሪዎች ይህን እንዲያውቁ ብትጽፉ ከብዙ ብርድ ልብስ ይበልጣል።

እከክና ቅማል አንድ አይደሉም። የልብስ ቅማል የሚኖረው በልብስ ስፌት ውስጥ ነው፤ ልብሱ ተቀይሮ አሮጌው በሙቅ ውኃ ከታጠበ ገላው ላይ መድኃኒት ብዙም አያስፈልግም። ችላ ከተባለ ተስቦንና ግርሻን ያስተላልፋል። እከክ ግን ቆዳ ውስጥ ነው። 5 ፐርሰንት ፐርሜትሪን የተባለው ቅባት ከአንገት እስከ እግር ጣት ተቀብቶ ከ8 እስከ 14 ሰዓት ይቆያል፣ ከሳምንት በኋላ ይደገማል፣ አብረው የሚተኙ ሁሉ በአንድ ቀን ይቀባሉ፤ መታጠብ የማይቻል ልብስ በላስቲክ ታስሮ ከ3 ቀን እስከ ሳምንት ይቆያል። ማሳከኩ ከዳነ በኋላም ጥቂት ሳምንት ስለሚቆይ ሰዎች «አልሠራም» ብለው ደጋግመው እየተቀቡ ቆዳቸውን ያቃጥላሉ፤ ይህ አስቀድሞ ይነገራቸው። ሁለት ሳምንት ያሳለ ሰው ለቲቢ ይመርመር። የተለመደው ሕክምና 6 ወር ነው፤ 6 ወር ሙሉ አንድን ሰው ጎዳና ላይ በየጊዜው ማግኘት የሚችለው ደግሞ ተመልሶ የሚመጣ ቡድን ብቻ ነው።

ሰዎችን ከመሀል ከተማ በመኪና ጭኖ ማንሳት የሚያበላሸውም ይህንኑ ነው። ከሰውየው ጋር መድኃኒቱ፣ ካርዱ፣ ተለዋጭ ጫማው አይጫንም። መድኃኒት ተቋርጦ ቲቢው መድኃኒቱን ይላመዳል፣ የተጀመረ መታወቂያ ይቆማል፣ ሰውየው በተመለሰ ጊዜም የሚተኛው ይበልጥ በተደበቀ ቦታ ነው። ማንሳት የግድ ከሆነ ቀኑ አስቀድሞ ይነገር፣ ዕቃና ሰነድ በስም ተመዝግቦ የሚመለስበት ቦታ ይኑር።

«መጠለያ እያለ ለምን አይገቡም?» ይባላል። ጠይቋቸው። ባልና ሚስት ይለያያሉ። ዕቃ አይገባም፣ ውሻ አይገባም። በር በጊዜ ስለሚዘጋ ማታ የሚሠራ አይደርስም። በጋራ ክፍል ይሰረቃል፣ ቅማል ይይዛል። መሰላል የማይወጣ እግር ላይኛው አልጋ ይደርሰዋል። ከእነዚህ አንዱ ሲፈታ እምቢ ያለው ሰው ይገባል። ክሊኒክም ያው ነው፦ ሰው የሚቀረው ጠባቂ በር ላይ ስለሚመልሰውና ዕቃውን የሚጠብቅለት ስለሌለ ነው። ወረቀት ጽፎ መስጠት ምሪት አይባልም፤ አብሮ ሄዶ፣ አብሮ ወረፋ ይዞ፣ አብሮ ገብቶ፣ መድኃኒቱን አብሮ ተቀብሎ መመለስ ነው። አንዱ ሲያጅብ ሌላው ዕቃውን ይጠብቃል።

ልጆች የተለየ መንገድ አላቸው። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ሲገኝ የሕፃናት ጥበቃ ኃላፊነት ያለው ባለሙያ ይገባበታል፤ ማንም ሠራተኛ ልጅ ወደ ቤቱ አይወስድም፣ ለብቻው አያናግርም። ትኬት ቆርጦ በአውቶቡስ ወደ ወላጆች መላክ በጎ ሥራ ይመስላል። ልጁን ያስወጣው ዱላ ወይም የእንጀራ አባት እዚያው ካለ ግን በወሩ ይመለሳል፣ ሁለተኛ ጊዜም እውነተኛ ስሙን አይናገርም። መጀመሪያ ልጁ መመለስ መፈለጉ፣ ቀጥሎ ቤቱ በባለሙያ መታየቱ፣ ከዚያ ማድረሱ፣ ካደረሱም በኋላ መከታተሉ። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም።

የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ድምፅ እንደሚሰማ ሲናገር «የለም» ብሎ መከራከር አያስፈልግም፣ «አዎ ይሰማኛል» ብሎ ማበልም አይገባም። «እኔ አልሰማሁትም፣ ግን እንዳስፈራዎት አያለሁ» ይበቃል። ዓረፍተ ነገሩ አጭር፣ ጥያቄው አንድ በአንድ። ራስን ስለ ማጥፋት መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርም፤ በግልጽ ይጠየቃል፤ አዎ ካለም ብቻውን አይተውም።

ማስታወሻ ደብተር ያለው ቡድን ይሰነብታል። ሰውየው የሰጠው መጠሪያ፣ ቦታ፣ ቀን፣ ምን ተባለ፣ ምን ቃል ተገባ፣ ቀጣዩ ማን ምን ያደርጋል፤ ከአምስት መስመር አይበልጥም፣ በዚያው ሌሊት ይጻፋል። ሙሉ ስምና የሕመም ዓይነት በአንድ ገጽ ላይ አይቀመጡ፤ ደብተር ይጠፋልና። የመታወቂያ ቅጂ በባለቤቱ ፈቃድ ቢሮ ተቆልፎ ይቀመጥ፤ ዋናው ሲጠፋ እንደገና ከመጀመሪያ አይጀመርም። ሠራተኛ ሲለቅ ተተኪው ቢያንስ ጥቂት ዙር አብሮት ወጥቶ ለእያንዳንዱ ሰው በስም ይተዋወቅ፤ አለበለዚያ ዓመት የተሠራው ሥራ ከሠራተኛው ጋር ይሄዳል።

ቤት ሲገኝ ሥራው ያለቀ የሚመስላቸው ድርጅቶች አሉ። በኒውዮርክ እ.ኤ.አ. በ1992 ሳም ጸምበሪስ የጀመረው አሠራር ሰው መጠጥ እስኪተው ወይም ሕክምና እስኪጨርስ ሳይጠበቅ መጀመሪያ ቤት እንዲሰጠው፣ ድጋፉም ቤቱ ድረስ እንዲከተለው ነው። ፊንላንድ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በዚህ መንገድ ሄዳ የጋራ መጠለያዎቿን በኪራይ ውል ወደሚኖሩባቸው መኖሪያዎች ለውጣለች። ካናዳ እ.ኤ.አ. ከ2009 አንሥቶ በአምስት ከተሞች ከ2,000 በላይ ሰዎች አሳትፋ ስትፈትነው፣ መጀመሪያ ቤት የተሰጣቸው ቤታቸው ውስጥ የቆዩበት ጊዜ ከሌሎቹ በግልጽ የበለጠ ነበር። ከእነዚህ ሁሉ «ቤት ስጥ» የሚለውን ብቻ ይዞ «ድጋፉ ይከተለው» የሚለውን መጣል ለክሽፈት መሠረት መጣል ነው። በኒውዮርክ ከመጠለያ ለሚወጡ ሰዎች የተዘጋጀ ሌላ አሠራር የ9 ወር ነው፣ ሦስት ሦስት ወር ተከፍሎ፦ በመጀመሪያው አዘውትሮ ቤት ድረስ መሄድ፣ በሁለተኛው ሰውየው ራሱ ሲሞክር ከጎን መሆን፣ በሦስተኛው ክሊኒኩም ጎረቤቱም ዘመዱም እንዲይዙት አስረክቦ መውጣት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያፈርሰው ነገር ይታወቃል። ዝምታው ይከብዳል፣ ሰው አልጋ ትቶ ወለል ላይ ይተኛል፣ የበረንዳ ጓደኞቹ መጥተው ይሰፍራሉ፣ እሱም «ሂዱ» ማለት ነውር ይሆንበታል፣ ጎረቤት ይከስሳል። ቁልፍ በተረከበ በማግስቱ እንጂ በወሩ መሄድ ለዚህ አይጠቅምም።

ለዝግጅት ክፍላችሁ ያለን ጥያቄ አጭር ነው። በሚቀጥለው ዘመቻ ዘጋቢ ስትልኩ ስንት ሰው እንደበላ ብቻ አትጠይቁ። ባለፈው ዓመት ካገኛችኋቸው ስንቱን ዘንድሮ በስም ታውቃላችሁ፣ ስንቱ መታወቂያ አወጣ፣ የቲቢ መድኃኒት ጀምሮ ስንቱ ጨረሰ፣ ቤት ከገባ በ6ኛ ወሩ ስንቱ እዚያው አለ ብላችሁ ጠይቁ። ፎቶም አታንሱባቸው። ከሚደበድባት ባል የሸሸች ሴት፣ ቤተሰቡ ሥራ ላይ ነው ብሎ የሚያስበው ወጣት በጋዜጣ ገጽ ከታዩ ቦታ ይቀይራሉ፤ እኛም ወራት ፈልገን እንደገና ከሰላምታ እንጀምራለን። ለገጹ ምስል ካስፈለገ የሠራተኞቹን ቦርሳ ከፍታችሁ በውስጡ ያለውን አንሱ፤ እንዴት እንደሚሞላም አብራችሁ ጻፉ።

ከአክብሮት ጋር፣
በጎዳና ስምሪት ላይ ያለን ሠራተኞች